ለከዚራዋ የሊኑክስ ባለሙያ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ሰላም የድሬ ልጆች፣ ሐረር ያላችሁም ሰላም። ዛሬ አንዲት እህታችንን በአደባባይ ላመሰግን ነው የመጣሁት። ከዚራ አካባቢ አነስ ያለች የኮምፒውተር ጥገና ቤት አላት። ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ አልጽፍም። ሥራዋን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በተለይ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነፃ ሲስተም) የምትጠቀሙ ትምህርት ቤቶች፣ ማሰልጠኛዎች፣ ክሊኒኮችና ቢሮዎች እንዲህ ያለ ሰው ከተማችን ውስጥ እንዳለ ልታውቁ ይገባል።

ሳቢያን የኮምፒውተር ማሰልጠኛ አለኝ። የላቡ ማሽኖች አሮጌ ዴስክቶፖች ናቸው፤ የተጫነባቸው ኡቡንቱ 20.04 የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ነው። ዊንዶውስ ከብዷቸው ነበር። ፍላሽ በተሰካ ቁጥር የሚገባው ቫይረስም አሰልችቶናል። ሊኑክስ ከሁለቱም ገላገለን። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኖቹ እንደ አዲስ ይነሳሉ፤ ስለዚህ ተማሪዎቻችን ግራብን በደንብ ያውቁታል። ግራብ ማለት ኮምፒውተሩ ሲበራ ከሊኑክስ ቀድሞ የሚመጣውና ሊኑክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም ነው። ሜኑው ላይ «ኢ» የምትለዋን ቁልፍ የተጫነ ሰው የማስነሻውን ትእዛዝ ማረም ይችላል። እዚያ ላይ አንዲት አጭር ቃል ቢጨምር ያለ ምንም ፓስወርድ ሩት፣ ማለትም የማሽኑ የበላይ አስተዳዳሪ፣ ሆኖ ይገባል። ሩት ሆነ ማለት ማሽኑ የእሱ ሆነ ማለት ነው።

ይህን ለመከላከል ላቡን ያቋቋመልን ባለሙያ ግራብ ላይ ፓስወርድ አድርጎ ነበር። ተማሪ ማሽኑን እንደወትሮው ሲከፍት ምንም አይጠየቅም። ሜኑውን ላርም ካለ ግን ፓስወርድ ይጠየቃል። ጥሩ አሠራር ነው።

ታዲያ የፈተና ሰሞን አንዱ ማሽን ላይ ተራ የተማሪ አካውንት የአስተዳዳሪ መብት ይዞ ተገኘ። አሰልጣኛችን ክው አለ። ፓስወርዱ እንዳለ ነው፣ ማንም አልቀየረውም። በየት በኩል ተገባ?

መጀመሪያ የጠራነው ሌላ ባለሙያ ግራብ ሲኤፍጂ የሚባለው፣ ግራብ ሲነሳ የሚያነበው ፋይል ለሁሉም ሰው ክፍት መሆኑን አየ። ቺሞድ በሚባለው የፋይል ፈቃድ መቀየሪያ ትእዛዝ ዘጋውና ሄደ። ፋይሉ ሰንብቶ ተመልሶ ተከፈተ። ተጠርቶ መጣና እንደገና ዘጋው፤ እንደገና ተከፈተ። በመጨረሻ «አፕዴት ሲደረግ ልማዱ ነው፣ ይልቅ ሁሉንም ፎርማት እናድርጋቸው» አለን። ይህቺን ፎርማት የምትባል መድኃኒት ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ለራስ ምታቱም ለቁርጠቱም እሷው ናት። ሙሉ ላብ ፎርማት አድርጎ ያንኑ ፋይል ያንኑ ስህተት ይዞ መልሶ መጫን ምን ይጠቅማል? አንድ ወዳጄ ነው ያን ጊዜ የከዚራዋን ልጅ የጠቆመኝ።

ፀሐዩ ሳይበረታ በጠዋት መጣች። ኪቦርድ ከመንካቷ በፊት «ጋሼ፣ የሆነውን ከመጀመሪያው ንገረኝ፤ መቼ መቼ እንደተከፈተም ንገረኝ» አለችኝ። አሰልጣኛችን አፕዴት የተደረገባቸውን ቀናት ደብተሩ ላይ ይመዘግብ ነበር። ደብተሩን አገላብጣ አየች። ከዚያ የፋይሉን ፈቃድ አወጣች። ስክሪኑ ላይ ሩት የሚለው ስም ሁለት ጊዜ ይታያል፤ የፋይሉ ባለቤትም ቡድኑም ሩት ነው። ከፊቱ ያሉት ፊደሎች ግን ለባለቤቱ «አር»፣ ለቡድኑ «አር»፣ ለሌላውም ሁሉ «አር» ይላሉ። ማንበብ ለሁሉም ተፈቅዷል ማለት ነው፤ በቁጥር 444። ግራብ ላይ ፓስወርድ ላለው ማሽን መሆን ያለበት 600 ወይም ጠበቅ ሲል 400 ነው፤ ከሩት በስተቀር ማንም አያነበውም። ሲአይኤስ ቤንችማርክ የሚባለው የታወቀ የደህንነት መመሪያም የሚጠይቀው ይህንኑ እንደሆነ ነገረችን።

«ማንበብ ብቻ ከሆነ ምን ይጎዳል?» አልኳት። መልሷን ልጻፈው፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ፓስወርዱ ፋይሉ ውስጥ በግልጽ አልተጻፈም። የተጻፈው ሀሽ የሚባለው ነው፤ ከፓስወርዱ በሂሳብ የሚወጣ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር። ከሀሹ ተነስቶ ፓስወርዱን መልሶ ማውጣት አይቻልም። መገመት ግን ይቻላል። ግራብ ካልተነገረው በስተቀር ሂሳቡን 10000 ጊዜ ይደጋግመዋል፤ ይህ ገማቹን ያዘገየዋል። ፓስወርዱ ረጅምና የማይጠበቅ ከሆነ መዘግየቱ በቂ ነው። ለእኛ የተደረገልን ፓስወርድ ግን የማሰልጠኛው ስምና ዓመተ ምሕረቱ ነበር። «እንዲህ ያለውን ሀሽ ለሁሉም ማሳየት የቁልፍህን ቅርጽ በርህ ላይ እንደ መለጠፍ ነው፤ አንዱ ሄዶ ያስቀርጸዋል» አለችኝ። በትክክልም አንድ ተማሪያችን ፋይሉን በፍላሽ ገልብጦ ቤቱ ወስዷል፤ በነፃ በሚገኝ መገመቻ ፕሮግራምም ፓስወርዱን አግኝቶታል። ልጁ ይህን ሁሉ ራሱ መጥቶ ነገረን። ክፋት አልነበረበትም፤ ይቻል እንደሆነ ልይ ብሎ ነው። እሷም አልተቆጣችውም። ወንበር ስባለት «ና፣ እንዴት እንደሚዘጋ ደግሞ እይ» አለችው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ እኔን በጣም ያስደሰተኝ ይኼ ነው። ቺሞድ ብላ ዘግታ ሂሳቧን ተቀብላ መሄድ ትችል ነበር። ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። እሷ ግን የጠየቀችው ማን እንደሚከፍተው ነው። ግራብ ሲኤፍጂ ሰው በእጁ የሚጽፈው ፋይል አይደለም። ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) አፕዴት ሲደረግ፣ ወይም አፕዴት ግራብ የሚለው ትእዛዝ ሲሰጥ፣ አንድ ስክሪፕት (ተራ በተራ የሚፈጸሙ ትእዛዞች የያዘ ፋይል) ከሌሎች ፋይሎች ሰብስቦ እንደ አዲስ ይጽፈዋል። ስለዚህ የተጻፈውን ትታ የሚጽፈውን ስክሪፕት ከፈተች። እያንዳንዱን መስመር በጣቷ እየተከተለች ለአሰልጣኛችንና ለልጁ አነበበችላቸው። ስክሪፕቱ አዲሱን ፋይል መጀመሪያ ዝግ አድርጎ ነው የሚፈጥረው። ጽፎ ሲጨርስ ፋይሉ ውስጥ «ፓስወርድ» በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የሚጀምር መስመር ይፈልጋል። ካገኘ ዝግ እንደሆነ ይተወዋል። ካላገኘ ምስጢር የለበትም ብሎ 444 ያደርገዋል።

የእኛ ፋይል ውስጥ ያ መስመር አለ። ታዲያ ለምን አላገኘውም? ፓስወርዱ የተጻፈበትን «40 ከስተም» የሚባለውን ፋይል ከፈተችና ኩርሰሩን መስመሩ ላይ አሳረፈች። ቃሉ ከመስመሩ ዳር አይጀምርም። ከፊቱ ባዶ ቦታ አለ። የጻፈው ሰው እንዲያምር ብሎ ገባ አድርጎ ጽፎታል። ስክሪፕቱ ደግሞ የሚያየው የመስመሩን የመጀመሪያ ፊደል ነው፤ እዚያ ያገኘው ባዶ ቦታ ነው፤ የለም ብሎ ፋይሉን ለሁሉም ይከፍተዋል። በየአፕዴቱ እንዲሁ። ግራብ ራሱ ሲነሳ ባዶ ቦታው አያስቸግረውም፤ ፓስወርዱን በሥርዓት ይጠይቃል። ለዚህ ነው ለማንም ያልታየው። ባዶ ቦታዋን አጠፋች፤ አፕዴት ግራብ አለች፤ ፈቃዱን እንደገና አወጣች። 600። ቺሞድ የሚል ቃል አልጻፈችም።

አሰልጣኛችን አንድ ፍርሃት ነበረው፤ «ፋይሉ ለሩት ብቻ ከሆነ ኮምፒውተሩ እንቢ ብሎ ባይነሳስ?» ብዙ ሰው በዚህ ፍርሃት ክፍት ይተወዋል። ፈቃድ የሚያስከብረው ሊኑክስ ነው፤ ግራብ ፋይሉን የሚያነበው ሊኑክስ ገና ሳይነሳ ነው። በዚያ ሰዓት ተጠቃሚም፣ ቡድንም፣ የሚከለክልም የለም። ስለዚህ 400 ቢሆንም ማሽኑ ይነሳል። ይህን ተናግራ አልተወችውም፤ ማሽኑን አጥፍታ አስነስታ አሳየችው።

ሥራው በዚህ አላበቃም። ሀሹ ያለው ግራብ ሲኤፍጂ ላይ ብቻ አይደለም፤ መነሻው «40 ከስተም» ነው፤ እሱም እንደመጣ ለሁሉም የሚነበብ ነበር። 700 አደረገችው፤ ሩት ብቻ ያነበዋል፣ ይጽፍበታል፣ ያስኬደዋል ማለት ነው። ለምን 600 አይሆንም ስላት አንድ ወጥመድ አሳየችኝ። ይህ ፋይል የሚሠራ ስክሪፕት ነው። የማስኬድ ፈቃዱ ከተነሳ አፕዴት ግራብ ዘሎት ያልፋል። ያኔ ፓስወርዱ ከነጭራሹ ይጠፋል፤ ስህተት የሚል መልእክትም አይመጣም። ጠበቅ አደረግሁ ያለ ሰው በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶት ይሄዳል። እባካችሁ ይህቺን ነገር ያዟት።

ቀጥላ የተረሱ ቅጂዎችን ፈለገች። የአሰልጣኛችን ፎልደር ውስጥ ባክአፕ ተብሎ የተቀመጠ የድሮ ግራብ ሲኤፍጂ ተገኘ፤ ሀሹ ከነነፍሱ እዚያ አለ። ጠፋ። ፓስወርዱም ተቀየረ፤ አንዴ የወጣ ሀሽ ፋይሉ ስለተዘጋ አይመለስም። አዲሱን ራሴ እንድመርጥ፣ ረጅም እንዳደርገው፣ ለእሷም እንዳልነግራት አስጠነቀቀችኝ። ፓስወርዱን ስጽፍ ተነስታ ደጅ ወጣች። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ያለው ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም።

አንዷ አዲስ ማሽናችን ዩኢኤፍአይ በሚባለው አዲሱ የማስነሻ ዘዴ የምትነሳ ነች። እሷ ላይ ማስነሻው ያለበት ትንሽ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ፋት በሚባለው የፋይል አደረጃጀት የተሠራ ነው፤ ፋት ደግሞ የሊኑክስን ፈቃድ አይዝም። እዚያ ቺሞድ ብትሉ አይሠራም። የሚስተካከለው ፓርቲሽኖች እንዴት እንደሚከፈቱ በሚወስነው ኤፍኤስታብ በሚባለው ፋይል ላይ ዩማስክ 0077 (ከባለቤቱ በስተቀር ለሌላው ሁሉ ዝግ) ብሎ በመጻፍ ነው። የእኛ ቀድሞም ትክክል ስለነበር አይታ አለፈችው፤ ሂሳብም አልያዘችበትም።

ደግሞ አታጋንንም። ግራብ ፓስወርድ ብቻውን እንደማይበቃ ነገረችኝ። ከፍላሽ ማስነሳት የሚቻል ከሆነ ግራብን ማን ይፈልገዋል? ስለዚህ ባዮሱ (ከግራብም ቀድሞ የሚነሳው የማሽኑ ፕሮግራም) ላይ ፓስወርድ አደረግን፣ ከፍላሽ መነሳትም ዘጋን። ካሳውን ከፍቶ ሀርድ ዲስኩን ለሚያወጣ ሰው ይኼም መላ አይሆንም፤ እሱን የሚከለክለው የላቡ በርና ዲስኩን ማመስጠር ነው። የእኛን ምክንያት ለሌላው ሁሉ አትውሰዱት ብላም አሳስባናለች። እስከ ግራብ 2.06 ያሉትን ስሪቶች የሚመለከት፣ በታወቀው የደህንነት ክፍተቶች መዝገብ ሲቪኢ 2021-3981 ተብሎ የተመዘገበ ሌላ ክፍተት አለ። እሱም ይህንኑ ፋይል ለሁሉም የሚነበብ አድርጎ የሚፈጥር ስህተት ነው፤ መነሻው ግን ባዶ ቦታ አይደለም። የአደጋው ደረጃ ዝቅተኛ ተብሎ ነው የተመዘገበው። አንድ ሰው ብቻ ለሚጠቀምበት ላፕቶፕ እውነትም ትንሽ ነገር ነው። በፈረቃ ብዙ ተማሪ የሚቀመጥበት ላብ ላይ ግን ትንሽ አይደለም፤ እኛ አይተነዋል።

ስለ ሰውነቷም ልበል። ከእሷ በፊት የሠሩትን አንድም ጊዜ አላንኳሰሰችም። ዋጋውን ሳትጀምር ነገረችን፤ ከተናገረችው አልጨመረችም፤ ደረሰኝም ሰጥታለች። ያደረገችውን በሙሉ በአማርኛ በአንድ ገጽ ጽፋ አሰልጣኛችን እጅ ላይ አስቀመጠች፤ የትኛው ፋይል፣ ድሮ ስንት ነበር፣ አሁን ስንት ሆነ፣ ለምን። ከዚያ በኋላ ከርነል አፕዴት ተደርጓል። አሰልጣኛችን ያን ወረቀት ይዞ እያንዳንዱን ማሽን ፈተሸ፤ አንዱም አልተከፈተም።

እህቴ፣ ይህን እያነበብሽ ከሆነ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እጅሽ ይባረክ። ልጁም እየጠየቀሽ ነው፤ ቅዳሜ ሱቅሽ ልምጣ ይላል።

ስልኳን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፤ እሷን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ሐረርም ትወጣለች፤ የትራንስፖርቱን ግን እናንተ ትችላላችሁ። ከመምጣቷ በፊት ሁለት ነገር አዘጋጁ፤ የፋይሎቻችሁን ባክአፕ፣ ከተቻለም አፕዴት የተደረገባቸውን ቀናት። የሩት ፓስወርድ የሚያውቀው ሰውም እዚያው ይገኝ። በቀትር አትጥሯት፤ ጠዋት ነው የምትሠራው።