በደሴ ሪፈራል ሆስፒታል ለምትሠራ ነርስ የቀረበ ምስጋና፣ ለወሎ ቤተሰቦችም ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በደሴ ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል ለሚሠሩ አንዲት ነርስ በመላው ቤተሰቤ ስም ምስጋና ለማቅረብ፣ እንደ እኛ መሄጃው ጠፍቷቸው ከአንዱ ክሊኒክ ወደ ሌላው ለሚንከራተቱ የወሎ ቤተሰቦችም የተከፈተልንን በር ለመጠቆም ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሣ ስለማይፈልጉ አልጠቅሰውም፤ በቤታችን «ሲስተር» እያልን ስለምናነሣቸው እዚህም በዚያው እጠራቸዋለሁ።

የታመመችው ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን በልጅነታችን ስለሞተች አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ ያበቃችን እሷ ስለሆነች፣ ዛሬም ድረስ ታናናሾቿ ሁሉ «እታለም» እንላታለን። ኑሮዋ ሐይቅ ከተማ ነው። ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ወደ አካባቢያችን በዘለቀ ጊዜ ልጆቿን ይዛ ተሰድዳለች፤ ስትመለስም የተዘረፈ ቤቷን እንደገና አቅንታ፣ ጎረቤት አጽናንታ፣ የሌላውን ሐዘን አብራ አልቅሳ አሳልፋለች። ሕመሙ የመጣው በዚያ ሁሉ መካከል ሳይሆን፣ እኛ «እንግዲህ አላህ አወጣን» ብለን መረጋጋት ከጀመርን በኋላ ነበር። እንቅልፍ ራቃት። ራሷን ይወቅራት፣ ውስጥ እግሯን ያቃጥላት፣ ልቧም ያለ ምክንያት ይመታባት ጀመር። ምግብ አስጠላት። በሰፈሩ ቡና ጠሪ የነበረችው ሴት ጎረቤት ሲመጣ ተኝታለች በሉልኝ ማለት አበዛች።

በዚያ ወቅት ስለሄድንባቸው ቦታዎች ስም አልጠራም፤ የደረሰብንን ግን መናገር ይገባኛል። በመጀመሪያው ታይፎይድ ነው ተባልን፤ መርፌውን ጨርሳ ሳይሻላት ሲቀር በሌላው ታይፈስም አብሮ አለ ተባልን፤ ከዚያ ጨጓራ፣ ከዚያ ደም ማነስ፣ ከዚያም የሰውነት መድከም ነው ተብሎ ግሉኮስ ተሰቀለላት። በየቦታው ደሟ ይቀዳል፣ ገንዘብ እንከፍላለን፣ መድኃኒት በከረጢት ይዘን እንመለሳለን፤ ሌሊት ምን እንደሚያስጨንቃት የጠየቃት አንድም ሰው አልነበረም። ምርመራው ሁሉ ምንም አያሳይም በተባለ ጊዜ ደግሞ አንዱ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ «አንቺ ምንም የለብሽም፣ ሥራ ፈትተሽ ነው» አላት። ልጆች ላሳደገች፣ ወንድሞችና እህቶች ለዳረች ሴት የተነገረ ቃል ነው ይህ። ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ቦታ ነበር፤ አንድ ሠራተኛ ተራ ጠባቂው ሁሉ እየሰማ፣ እየሳቀ፣ «ይቺንስ አማኑኤል ውሰዷት» አለን። አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ያገለገለ፣ ስንቱን ያዳነ ተቋም ነው፤ ስሙን መሳደቢያ ያደረጉት ሰዎች ናቸው። እህቴ ከዚያ ቀን በኋላ ከግቢ መውጣት ፈራች፤ ሐኪም የሚባል ስም እንዳይነሣባትም ለመነችን።

ወደ ሲስተር የመራን የመንግሥት ጤና ጣቢያ ነው። እዚያ የነበሩት የጤና መኮንን የከረጢቱን መድኃኒት ሁሉ አይተው፣ እንቅልፏንና የምግብ ፍላጎቷን፣ ቀድሞ ደስ ይሏት ስለነበሩ ነገሮችም ከጠየቋት በኋላ፣ ይህ የድባቴ (ዲፕሬሽን) ሕመም ሊሆን ስለሚችል የሚያያት ባለሙያ ደሴ አለ ብለው ሪፈር ጻፉልን። በብዙ ልመና ነው ይዣት የሄድሁት።

ሲስተር ገና በር ላይ ሲያዩዋት ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ «ይግቡ እናቴ፣ እዚህ ይቀመጡ» አሏት። እህቴ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ፤ ሕክምና ቤት ውስጥ አንቱ የተባለችው ያን ቀን ነበርና። ከዚያም ወንበራቸውን ከጠረጴዛው ጀርባ አውጥተው አጠገቧ ተቀመጡ፤ እኔ ልቆይ ወይስ ልውጣ የሚለውን የጠየቁትም እሷን እንጂ እኔን አልነበረም። ይቆይ አለች። ስለ ራስ ምታቱና ስለ ማቃጠሉ የምትለውን ሁሉ ሳያቋርጡ ሰሙ፤ «ሕመሙ እውነት ነው፣ እያስመሰሉ አይደለም፣ የተጨነቀ አእምሮ ሰውነትንም ያማል» አሏት። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ለመስማት ስንት በር አንኳኩተን ነበር።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሳያድበሰብሱ፣ «እናቴ፣ ጭንቀቱ ሲበረታብዎት መኖር አስጠልቶዎት ሕይወትዎን ስለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» ብለው ጠየቋት። እኔ ደነገጥሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ያልታሰበውን ያሳስባል ብዬ ተቆጥቼም ነበር። እህቴ ግን ብዙ ዝም ካለች በኋላ፣ «ሌሊት ሌሊት በወሰደኝ እላለሁ፤ ደግሞ ልጆቼ ይመጡብኛል፣ እመለሳለሁ» አለችና ማልቀስ ጀመረች። ሲስተር አላቻኮሏትም፤ አይዞሽ ብለው ዝም ሊያሰኟትም አልሞከሩም፤ እስክትጨርስ ጠበቋት። በኋላ ለእኔ እንዳስረዱኝ፣ እንዲህ ያለውን ሐሳብ በእርጋታና በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ ውስጥ አይተክልም፤ ብቻውን የተሸከመውን ሰው ያሳርፈዋል እንጂ። ለእህል ተባይ የምንጠቀምበትን ኬሚካል ከቤት እንድናወጣ፣ መድኃኒቷንም ከቤተሰብ አንድ ሰው ይዞ እንዲሰጣት፣ ሌሊት ብቻዋን እንዳትሆን፣ ሐሳቡ ቢበረታባት ቀጠሮ ሳንጠብቅ በማንኛውም ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል እንድናመጣት ነገሩን። ይህንንም የተናገሩት እሷ ባለችበት፣ ፈቃዷን እየጠየቁ ነበር።

የመድኃኒቱን ስምና አሠራር ለሙያው ባለቤቶች እተወዋለሁ። ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ ሆኖ ያገኘሁት፣ ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ መሆኑን፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አፍ የመድረቅና እንቅልፍ እንቅልፍ የማለት ስሜት ሊኖር እንደሚችል፣ ተሻለኝ ተብሎም በራስ ፈቃድ እንደማይቋረጥ ነው። ሲስተር ይህን አስቀድመው ባይነግሩን ኖሮ እህቴ በመጀመሪያው ሳምንት ትተወው ነበር። የመድኃኒት ሱስ ይይዛታል ብለው የሰጉ ዘመዶቻችን ነበሩ፤ ለእነሱም ይህ ዓይነቱ መድኃኒት ሱስ እንደማያስይዝ በትዕግሥት አስረድተዋቸዋል።

ስለ እምነታችን የያዙትን አቋም ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ሼኻችን ዱአ ያደርጉላት ነበር፤ ክርስቲያን ጎረቤታችን ደግሞ ጠበል ታመጣላት ነበር፤ በወሎ እንዲህ ነው የምንኖረው። እህቴ ይህን ስትናገር ይቆጧታል ብዬ ስሰጋ፣ ሲስተር «ዱአውም ይቀጥል፣ የጎረቤትዎ ፍቅርም አይቅር፣ መድኃኒቱን ብቻ አብረው ይውሰዱ» አሏት። ዱአውን ወይም መድኃኒቱን ምረጪ ብትባል ኖሮ የቱን እንደምትመርጥ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሲስተርም ሳያውቁት አልቀሩም።

ለእኛ ለቤተሰቦቿም ሥራ ሰጡን። በቅንነት የሚነገሩትን «ምን ጎደለሽ»፣ «ከአንቺ የባሰ ስንት አለ»፣ «ተመስገን በይ» የሚሉትን ቃላት ትተን፣ ስትናገር ብቻ እንድንሰማት መከሩን። ቀድሞ ከምትወዳቸው ነገሮች አንዱን፣ ትንሹን፣ መልሳ እንድትይዝ ጠየቋት፤ እሷም ቡና መረጠች። በመጀመሪያ ልጇ እየቆላችላት አቦሉን ብቻ ቀድታ ወደ መኝታዋ ትመለስ ነበር። እየቆየ ቶናው ተጨመረ። አሁን በረካ ሳይደርስ ጎረቤት አይነሣም። አንድ ጊዜ ቀጠሮ ባለፈን ዕለት ሲስተር ራሳቸው ደውለው «እናቴ እንዴት ዋሉ?» ሲሏት፣ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ለብዙ ሰዓት ለሁላችንም ደጋግማ ትነግረን ነበር።

ሕመሙ ፈጽሞ ለቀቃት አልልም፤ የሚከብዷት ቀናት አሉ፣ ክትትሏም አልተቋረጠም። ነገር ግን ትተኛለች፣ ትበላለች፣ ከልጆቿ ጋር ትስቃለች፣ ታናናሾቿን እንደ ቀድሞው ትቆጣናለች። በጦርነቱ ተዘርፎ የነበረ ሆስፒታል ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ታካሚ መካከል፣ አንዲት ነርስ ለአንዲት ሴት ይህን ያህል ጊዜና ክብር መስጠታቸውን ሳስብ የምስጋና ቃል ያጥረኛል። ሲስተር፣ አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልን፤ የልጆችዎን ወግ ማዕረግ ያሳይዎት።

የምታነቡ የወሎ ሰዎች ሆይ፣ በቤታችሁ እንቅልፍ ያጣ፣ ሰው የሸሸ፣ ምርመራ ምንም የማያሳይለት ሕመም የያዘው ሰው ካለ፣ ሁኔታውም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ እባካችሁ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍሉ ውሰዱት፤ እባካችሁ አትፈሩ፣ አታዘግዩ። የጤና መድህን ያላችሁ፣ በተለይም አገልግሎቱ በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዷ የሆነችው፣ የእህቴ ከተማ ሐይቅ የምትገኝባት የተሁለደሬ ወረዳ ነዋሪዎች፣ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ሪፈር አጽፉ፤ ያለ ሪፈር ከሄዳችሁ ወጪው በራሳችሁ ሊሆን ይችላል። የታደሰ የመድህን ደብተራችሁንና ታማሚው እስከ አሁን የወሰዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ። በመንገዱ ላይ ግራ የሚገባችሁ ነገር ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እኔም እህቴም የምናውቀውን ሁሉ እንነግራችኋለን።