አቡጊዳ የሌለው የቫዮሊን መጽሐፍ፦ ከ10 ወር በኋላ

ልጄ በየኖታው አናት ላይ የታተመውን የጣት ቁጥር እንጂ ኖታውን እንደማታነብ ያወቅሁት በፋሲካ ማግስት ነው። መጽሐፉን መጠቀም ከጀመርን ስምንተኛው ወር ላይ መሆኑ ነው።

እናቴ በዓሉን ከእኛ ጋር ነበር ያሳለፈችው። ትዝታ ትወዳለች። የልጅ ልጇ በቫዮሊን አንድ የትዝታ ሐረግ ብትጫወትላት ምን ያህል ደስ እንደሚላት ስለማውቅ ጠዋት ተነስቼ በእጄ ጻፍኩት። ነገሩ ለጀማሪም ከባድ አይደለም። ትዝታ ሜጀርን ከሬ ከጀመሩት ሬ፣ ሚ፣ ፋ ሻርፕ (በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ፋ)፣ ላ፣ ሲ ነው። እነዚህ አምስት ድምፆች ቫዮሊን ላይ ጀማሪ ልጅ መጀመሪያ የምትለምዳቸው ቦታዎች ናቸው፦ ሬ ክፍት ክር ነው (ጣት ሳያርፍበት የሚጮህ)፣ ሚ በ1ኛ ጣት፣ ፋ ሻርፕ በ2ኛ ጣት፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ክር ሲሻገሩ ላ ክፍት ክር፣ ሲ በ1ኛ ጣት። ሦስተኛ ጣት እንኳ አያስፈልግም። ልጄ እነዚህን ከኅዳር ጀምሮ በየቀኑ ትጫወታለች። አሥራ ሁለት ኖታ ጻፍኩና ማቆሚያው ላይ አስቀመጥኩላት።

ቫዮሊኑን አገጯ ስር አስገባች፣ ደጋኑን አነሳች፣ ወረቀቱን አየች፣ ደጋኑን መልሳ አወረደች።

«አባዬ፣ ቁጥሩስ?»

አያቷ ስላለች ያፈረች መሰለኝ። «ቁጥር የለውም፤ ኖታውን አንብቢው» አልኳት። ከታችኛው መስመር ስር የተቀመጠችውን ሬ በጣቴ አሳይቼ «ይቺ ማን ናት?» ስላት፣ «ዜሮ ናት ወይስ አንድ?» ብላ እኔኑ ጠየቀችኝ። እናቴ ሲኒዋን ይዛ ትጠብቃለች። ልጄ ዓይኗ እንባ ሞላ። ወረቀቱን አነሳሁና «በቃ የምታውቂውን ተጫወቺ» አልኳት። ከመጽሐፉ የምትወደውን ተጫወተች፣ አያቷም መረቀቻት። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሆዴ አልረጋም።

ማታ መጽሐፉን አወጣሁ። ከየካቲት ጀምሮ የምትጫወተውን አንድ ገጽ ቁጥሮቹን በወረቀት ቁራጭ ሸፍኜ ሰጠኋት፤ አንድም ሳትስት ተጫወተችው። ትንሽ ተጽናናሁ። ቀጥዬ አይታው የማታውቀውን ገጽ፣ ያውም ከዚያኛው የሚቀለውን፣ እንደዚያው ሸፍኜ አቀረብኩላት። ዝም። የሸፈንኩትን ሳነሳላት ወዲያው ተጫወተችው። የመጀመሪያውን ገጽ በቃሏ ይዛው ነበር ማለት ነው። ስምንት ወር ሙሉ አምስቱ መስመርና በላያቸው የተሰደሩት ጥቋቁር ነጠብጣቦች ለልጄ የገጽ ጌጥ ነበሩ።

መጽሐፉን ስሙን አልጠራም፤ ይህ ጉድለት የአንድ መጽሐፍ ብቻ ስላልሆነ በዓይነቱ ብገልጸው ይበልጥ ይጠቅማል። በየኖታው አናት ላይ የጣት ቁጥር የታተመበት የጀማሪ መጽሐፍ ነው። 0 ክፍት ክር፣ 1 አመልካች ጣት፣ 2 መሃል ጣት፣ 3 የቀለበት ጣት፣ 4 ትንሿ ጣት። (ኪቦርድ የተማረ ወላጅ እዚህ ጋ ይጠንቀቅ፤ እዚያ 1 አውራ ጣት ነው። እኔ ራሴ ኖታ የለመድኩት በኪቦርድ ስለሆነ ልጄን ሁለት ሳምንት ሳሳስታት ነበር።) ቁጥር መጻፉ በራሱ ክፉ አይደለም። የትልልቆቹ ኖታም ላይ ቁጥር አለ፤ ነገር ግን እዚያ የሚጻፈው ምርጫ ባለበት ቦታ ነው። ለምሳሌ ላን በክፍት ክር ልጫወተው ወይስ በሬ ክር ላይ በ4ኛ ጣት? ያኔ ቁጥሩ ይመልሳል። የእኛ መጽሐፍ ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንዲት ኖታ ባዶዋን አልተዋትም።

የቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ይህን ሕመም ያውቀዋል። የአምስት ዓመት ልጅ ሆኜ ከሀ እስከ ፐ በአንድ ትንፋሽ እወርደው ነበር። ቤተሰቡ ሁሉ «ፊደል ለየ» ብሎ ተደሰተ። የኔታ ግን አልተሸነገሉም። ስንደዶዋን ገበታው መሃል አንዷ ፊደል ላይ አሳርፈው «ይቺስ?» አሉኝ። ከሀ ጀምሬ በዜማ እየቆጠርኩ ካልወረድኩ በቀር እሷ ጋ መድረስ አልቻልኩም። ለዚህ ነው ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ ያለው። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ፊደሎቹ እነዚያው ናቸው፣ ሰልፋቸው ግን ፈርሷል፤ በቃሉ የያዘ ልጅ እዚያ ይጋለጣል፣ ፊደሉን በመልኩ ያወቀ ያልፋል። እኔ በገንዘቤ ለልጄ የገዛሁት መጽሐፍ ሀሁ አለው፣ አቡጊዳ የለውም። ቁጥሩ የሚነሳበት፣ ሰልፉ የሚፈርስበት፣ ልጅቷ ያወቀችው ይሁን የሸመደደችው የሚለይበት አንድ ገጽ አልተበጀለትም።

ሻጭ ፊቴ ቢቆም የሚለኝን አውቃለሁ። «ልጅ ቶሎ ካልተጫወተ ይሰለቻል፤ ይሄ መጽሐፍ ከመጀመሪያው ቀን ያጫውታል» ይለኛል። አዎ፣ አጫውቷል። በጥቅምት ዘመድ ሲመጣ ታሳይ ነበር፣ እኛም እናጨበጭብ ነበር። ግን ወንድሜ፣ ጀርባው ላይ «ኖታ ንባብ ያስተምራል» ብሎ የጻፈው ማነው? መጫወትን ብቻ ቃል ገብቶ ቢሆን ኖሮ አልጣላውም ነበር። «ቁጥሩን ልጆች ቀስ በቀስ ራሳቸው ይተውታል» የሚለኝም አለ። እንዴት አድርገው ይተዉታል? ዓይን ቀላሉን መንገድ ካገኘ ከባዱን ለምን ይፈልጋል? ሰባት ዓመቷ ነው። መልሱ አናቱ ላይ ተጽፎ እያየች ጥያቄውን እንድትሰራ መጠበቅ ተገቢ አይደለም።

«ሱዙኪም እኮ ኖታ አያስቀድምም» የሚለኝ ሰው ደግሞ አይጠፋም። እውነት ነው። በ1898 በናጎያ የተወለደው ጃፓናዊው የቫዮሊን መምህር ሺኒቺ ሱዙኪ ዘዴውን ያቆመው ሕፃን አፉን በሚፈታበት መንገድ ላይ ነው፤ መስማት ይቀድማል፣ መናገር ይከተላል፣ ማንበብ በኋላ ይመጣል። ግን እዚያ ነገሩ ከመጀመሪያው በግልጽ ይነገርሃል። ልጁ የዜማውን ቅጂ ቤት ውስጥ በየቀኑ ይሰማል፣ ወላጅ ትምህርቱ ላይ አብሮ ይቀመጣል፣ ንባቡ እንደሚዘገይ ሁሉም ያውቃል። እስከዚያ ጆሮ እየሰራ ነው። እኔ በማሲንቆ አገር ተወልጄ በጆሮ መማርን አልንቅም። የአዝማሪ ልጅ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ፣ አንድ ክር ብቻ ባለው፣ የጣት ቦታ ምልክት በሌለው መሣሪያ ላይ ድምፁን ፈልጎ የሚያገኘው በጆሮው ነው። የቤተ ክርስቲያን ዜማ ተማሪም ከቃሉ በላይ የተጻፈውን ምልክት የሚያነበው ዜማውን አስቀድሞ ከመምህሩ አፍ ተቀብሎ ነው። በእኛ ቤት ግን ጆሮም አልሰራ፣ ዓይንም አልሰራ። የሰራው ቁጥሩ ነው።

ይህን በደንብ ያየነው በግንቦት ነው። እስከዚያ ድረስ በሬና በላ ክር ላይ 2ኛ ጣት የምታርፈው ከ1ኛዋ ራቅ ብላ ነበር፦ ፋ ሻርፕ እና ዶ ሻርፕ። የሶል ሜጀር ትምህርት ሲመጣ ላ ክር ላይ ሻርፕ የሌለው ዶ መጣ። ያኔ 2ኛዋ ጣት ወደ ኋላ ተስባ ከ1ኛዋ ጋር መነካካት አለባት። መጽሐፉ ግን አናቱ ላይ ያው 2 ብሎ ጽፏል። ልጄም ያንኑ 2 ተጫወተች። መምህርቷ «ወደ አንድ አስጠጊያት» ስትላት ልጄ የጣት ቦታ ለማሳየት የተለጠፈችውን ባለ ቀለም ፕላስተር ጠቁማ «ሁለት እኮ እዚህ ነው፣ ቲቸር» አለቻት። እንዴት ትረታለች? እንደ ለመደችው ከሆነ ልክ ናት። አንዱ ቁጥር ሁለት ድምፅ ሊሆን እንደሚችል የሚነግራት ኖታው ነበር፣ ኖታውን ደግሞ አይታው አታውቅም። ነገሩን ወደ 1ኛ ጣት ብንወስደው ደግሞ ይብሳል፦ 1 በሶል ክር ላ ነው፣ በሬ ክር ሚ፣ በላ ክር ሲ፣ በሚ ክር ፋ ሻርፕ። አራት ድምፅ፣ አንድ ስም። ልጄ ለእነዚህ ሁሉ አንድ ጥሪ ብቻ ነበራት።

ጥፋቱን በመምህርቷ ላይ አልጥልም። በሳምንት አንድ ቀን ነው የምትመጣው፤ የምትሰማው ደግሞ ልክ ነበር። የፋሲካውን ነገር ስነግራት በመጽሐፉ ተናደደች፤ «እርስዎ ቤት ስላሉ ነው ያዩት» አለችኝ። አዲስ መጽሐፍ ከመግዛት ይልቅ ይሄንኑ እናርመው ተባባልን።

ሁለት ሌሊት ተቀምጬ ከመሃል ጀምሮ ያሉትን ቁጥሮች በነጭ ማጥፊያ አጠፋሁ። የተውኩት ጣት ለመምረጥ የሚያስፈልገውን ብቻ ነው። ከዚያ በካርቶን ላይ አምስት ኖታ ጻፍኩ፣ እነዚያኑ የትዝታ አምስት፣ በአንድ ካርቶን አንድ ኖታ። ጠዋት ጠዋት ቁርስ ሲቀርብ በውዜ አንዷን አወጣለሁ፤ ስሟን ትጠራለች፣ በየትኛው ክር በየትኛው ጣት እንደምትገኝ ትነግረኛለች። ቫዮሊን ሳይነካ፣ ከአምስት ደቂቃ ሳያልፍ። መጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር፣ «እኔ ቫዮሊን እችል ነበር» ብላ አለቀሰች። ያ ቃል እስካሁን ይከነክነኛል። የምትችለውን የነጠቅኳት መስሏታል፣ የሚያሳዝነው ደግሞ ከፊሉ እውነት ነው። በሰኔ ካርቶኖቹ ዘጠኝ ሆኑ። ከትንሿ ሶል አንስቶ በሚ ክር 4ኛ ጣት ላይ እስከምትገኘው ሲ ድረስ ሻርፕ የሌላቸውን ብቻ ቢቆጥሩ አሥራ ሰባት ናቸው፤ አሁን አሥራ አንድ ላይ ነን።

ስለ ቀሪው ብዙ የምለው የለኝም። ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ ጥራዙ ጥምዝ ሽቦ ስለሆነ ማቆሚያ ላይ ተዘርግቶ ይቆማል፣ አብሮት የመጣው የድምፅ ቅጂ ንጹህ ነው። ስዕሎቹን ልጄ ትወዳቸዋለች።

ድጋሚ አልገዛውም። እንዲህ ቁርጥ አድርጌ የምናገረው ተናድጄ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጎበዝ መምህር በየቀኑ አጠገቧ የሚቀመጥላት ልጅ በዚህም መጽሐፍ ልትወጣው ትችል ይሆናል። ለልጁ መጽሐፍ ለመግዛት ሱቅ የሚገባ ወላጅ ግን የመጀመሪያውን ገጽ አይቶ አይወስን። እዚያ ላይ ሁሉም መጽሐፍ ያማረ ነው። መሃሉን ይክፈት። አዲስ ድምፅ በመጣ ቁጥር ቁጥሩ አንድ ሁለቴ ታይቶ ከጠፋ መልካም ነው። መሃሉ ላይም ቁጥሩ እንደ መጀመሪያው ገጽ ሰልፍ ይዞ ከቆመ ወደ መደርደሪያው ይመልሰው። ባለ ቀለም ፕላስተር ክሩ ስር ቢለጠፍ አልከፋም፤ እሱ እጅን ይመራል፣ ዓይንን ግን አይሸፍንም፣ ሲበቃው ይነሳል። የታተመ ቁጥር ግን እኔ እንዳደረግኩት ሌሊት ተቀምጠው ካላጠፉት አይነሳም።

መጽሐፉን ከአሜሪካ ያመጣችልኝ እህቴ ባለፈው ሳምንት ደውላ ነበር። ለመስቀል ትመጣለች። «ሁለተኛውን ክፍል ላምጣልህ?» አለችኝ፤ ደስ ብሏት ነው የጠየቀችኝ፣ የመጀመሪያውን ምን ያህል ፈልጋ እንዳገኘችው አውቃለሁ። ሁለት ባዶ ባለ አምስት መስመር ደብተር አምጪ አልኳት። ደግሞ የሚ ክራችን ተበጥሷልና ለሩብ ቫዮሊን የሚሆን አንድ ጥቅል ክር ጨምሪበት አልኳት።