ከአባቴ ደመወዝ ትቆረጥ የነበረችው መዋጮ

አባቴ በ46 ዓመቱ ስትሮክ መታው። ሾፌር ነበር። ጠዋት ጫማውን ሲያስር ግራ እጁ አልታዘዝ አለው፤ ክሩ ከጣቶቹ መሀል ሲያመልጥ አየሁ። ያኔ 9ኛ ክፍል ነበርኩ።

ጡረታ ለእኔ የሽማግሌዎች ጉዳይ ነበር። አባቴም በየወሩ ስለሚቆረጥበት መዋጮ ሲያጉረመርም ነው የማውቀው። ዛሬ እኔም ከፋይ ነኝ፤ ስለዚህ የጡረታ አገልግሎቱን እንደ ተጠቃሚም እንደ ከፋይም ልገምግመው።

መጀመሪያ እንከኑን ልንገራችሁ። በሕመም መሥራት ላቃተው ሠራተኛ ከጡረታው የሚከፈለው የጤና ጉድለት አበል እስኪፈቀድ 7 ወር ፈጀ። አንዱን ማስረጃ ሦስት ጊዜ አምጡ ተባልን። ቢሮው ፎቅ ላይ ነው። እናቴ መራመድ ያቃተውን ሰው ደግፋ ደረጃ ትወጣ ነበር። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ክፍያው ከጀመረ በኋላ ግን አንድም ወር ዝንፍ አላለም። የደመወዙን ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ኪራይና መድኃኒት ግን ቻለ። ትምህርቴን አቋርጬ ሥራ ልፈልግ ነበር፣ ቀረ። እናቴም ሥራዋን አልለቀቀችም። ይኸው ዛሬ ነርስ ሆኜ የሰው ልጅ አስታምማለሁ። አበሉ የተከፈለው ለአንድ ሰው ነው፤ የተረፍነው ግን ስንት ነን? አከራያችን ኪራዩን በሰዓቱ አገኘ፣ ፋርማሲውም ሸጠ። ገበያ ሲቀዘቅዝ እንኳ የጡረተኛ ገንዘብ በየወሩ ገበያ ይገባል።

«ለራሴ ብቆጥብ አይሻልም?» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። አባቴም ቆጥቦ ነበር። በ4ኛው ወር አለቀ። በ46 ዓመቱ እወድቃለሁ ብሎ የሚቆጥብ ማን አለ? መድን ግን ከብዙ ሰው ትንሽ ትንሽ ሰብስቦ የወደቀውን ያነሳል። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1889 ባወጣችው ሕግ እርጅናንና መሥራት አለመቻልን አንድ ላይ አድርጋ ነበር። መዋጮውን ሠራተኛና አሠሪ እኩል ይከፍላሉ፣ መንግሥትም ይደጉማል። የእርጅና ጡረታው የሚጀምረው በ70 ዓመት ነበር፤ እዚያ ሳይደርስ አካሉ ለሚከዳው ሠራተኛ ዋናው መጠጊያ መሥራት ላልቻሉ የሚከፈለው ክፍል ነበር።

አዲስ ሥራ ለምትጀምሩ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የተቆረጠባችሁ መዋጮ ገቢ መደረጉን ጠይቁ፤ የቅጥር ደብዳቤያችሁንም ኮፒ አድርጋችሁ ቤት አስቀምጡ። የአባቴ ፋይል 7 ወር የቆየው የሁለት ዓመት አገልግሎቱ መዝገብ ላይ ስላልነበረ ነው። የድሮ የደመወዝ ወረቀቶቹን እናቴ ከአልጋ ሥር፣ ከአንድ አሮጌ ሻንጣ ውስጥ አገኘቻቸው።