ብሎኬት፣ ጭቃ ወይስ ፓኔል፦ ከእንጦጦ ማዶ የማይበርድ ቤት ፍለጋ

ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ፣ ለገጣፎ፣ ሆለታ መስመር ቦታ ይዛችሁ ግድግዳውን በምን ላንሳው እያላችሁ ያላችሁ ሰዎች ይሄ ለናንተ ነው፣ ረዘም ይላል ታገሱኝ። የማወራው ቤቱ ሙቀት ይይዛል ወይስ አይይዝም ስለሚለው ብቻ ነው፣ ስለ ውበቱ ሌላ ሰው ይጻፍ። የማወዳድረው ደሞ የማውቃቸውን ቤቶች ነው፤ አክስቴ ለገጣፎ ያላት ብሎኬት፣ አያቴ ሰንዳፋ ያለችበት የጭቃ ቤት፣ ጓደኛዬ ሱሉልታ ላይ ያቆመው የፎም ፓኔል (በቆርቆሮ መሃል ፎም የታሸገበት)። ሶስቱም ቤት በበጋም በክረምትም አድሬያለሁ፣ ከመርካቶ የገዛኋት ቴርሞሜትርም አብራኝ ታድራለች (ሚስቴ ትስቅብኛለች ይሳቅ)።

መጀመሪያ አየሩን እንነጋገር ምክንያቱም ዩቲዩብ ላይ የምናየው የኢንሱሌሽን ነገር አብዛኛው የፈረንጅ አገር ነው፣ እዛ ወራት ሙሉ ቀንም ሌሊትም በረዶ ነው፣ ቤቱም ሲሞቅ ነው የሚውለው የሚያድረው። የኛ እንደዛ አይደለም። አዲስ አበባ ራሷ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እንጦጦን ተሻግራችሁ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ስትደርሱ ደሞ ከመሃል ከተማው ከፍ ብላችኋል። ህዳርና ታህሳስ ላይ ቀን ጃኬት አውልቃችሁ ትውላላችሁ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ሳሩ ላይ ውርጭ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። በአንድ ቀን ውስጥ የ15 ዲግሪ ልዩነት ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ግድግዳው ሁለት ስራ አለበት፣ ቀን የገባውን ሙቀት ጠጥቶ ማቆየት እና ሌሊት እንዳያመልጥ መከልከል። የመጀመሪያው የክብደት ነገር ነው፣ ሁለተኛው የኢንሱሌሽን። ሻጮቹ ስለ ሁለተኛው ብቻ ነው የሚያወሩት።

ብሎኬቱ ጋ እንምጣ። አገሩ ሁሉ ብሎኬት ነው፣ ግንበኛውም የሚያውቀው እሱን ነው። ሰው "ውስጡ ባዶ ስለሆነ አየሩ ብርድ ይከለክላል" ይላል፣ ይሄ ግማሽ እውነት ነው፣ ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ውስጡ ያለው አየር ይዟዟራል፣ ቀዳዳዎቹ መሃል ያለው ኮንክሪት ደሞ ሙቀቱን ቀጥታ ከውስጥ ወደ ውጪ ያሻግረዋል። ዩ ቫሊዩ የሚባል መለኪያ አለ፣ አንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ በውስጥና በውጪ መሃል ላለው ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት ስንት ዋት ያስመልጣል ማለት ነው፣ ሲያንስ ነው ጥሩ። ባለ 20 ሴንቲ ብሎኬት ሁለቱም ፊቱ ተለስኖ 2.5 አካባቢ ነው። ባለ 10 ሴንቲ ፎም ፓኔል 0.4 አይሞላም። ልዩነቱ ይታያችሁ።

የአክስቴ ቤት ባለ 15 ነው የተሰራው፣ ኮለኑና ቢሙ (ቤቱን የሚሸከሙት ቋሚና አግዳሚ) ያለበት ቦታ ደሞ ከብሎኬቱም ይብሳል፣ ድፍን ኮንክሪት ስለሆነ። ክረምት ላይ ሄዳችሁ ቁምሳጥኑን ፈቀቅ ብታደርጉት ማዕዘኑ ላይ ጥቁር ሻጋታ አለ፣ ልክ ኮለኑን ተከትሎ። እሷ "ውሃ እየሰረገ ነው" ብላ ውጪውን እንደገና አስለሰነች፣ ሻጋታው ተመልሶ መጣ። ውሃው ከውጪ አይደለማ! የሰው ትንፋሽ፣ የቡናው እንፋሎት፣ የድስቱ እንፋሎት ቀዝቃዛው ኮንክሪት ላይ ሲያርፍ ጤዛ ይሆናል፣ ቁምሳጥን ጀርባ አየር ስለማይዞር አይደርቅም፣ በቃ ሻገተ።

ብሎኬት ካላችሁ አይቀር ግን በፑሚስ የተመረተውን ፈልጉ። ከስምጥ ሸለቆ በኩል የሚመጣው ነጣ ያለ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ እሱ ራሱ ውስጡ ቀዳዳ በቀዳዳ ስለሆነ ከጠጠር ብሎኬት በጣም የተሻለ ሙቀት ይይዛል፣ ስታነሱት ክብደቱ ይነግራችኋል። "ደካማ ነው" ይሏችኋል፣ ግን ቤታችሁ በኮለንና ቢም ከቆመ ግድግዳው ከራሱ ሌላ የሚሸከመው ነገር የለም። ለተራው ባለ 15 ከ10 አራት፣ ለባለ 20 ፑሚስ ስድስት እሰጣለሁ።

የጭቃ ቤት። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይስቃል። የአያቴ ቤት ከባህር ዛፍ ነው፣ ማገር ተመትቶ፣ ጭቃው በጤፍ ጭድ ተቦክቶ ከርሞ፣ ተመርጎ በላዩ ተለስኖ። ቁጥሩን ብቻ ካያችሁ ተአምር የለውም፣ ዩ ቫሊዩው 2 አካባቢ ቢሆን ነው፣ ከብሎኬት ብዙም አይርቅም። ግን ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ከአክስቴ ሳሎን ይልቅ እዛ መነሳት ይሻላል፣ ቴርሞሜትሯም ሁሌ ከፍ ብላ ነው የማገኛት። ለምን? ግድግዳው ድፍን ነው፣ ከባድ ነው፣ ማታ ቡናው ሲፈላ እሳቱ የሰጠውን ሙቀት ጠጥቶ ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሳል። መስኮቱ ትንሽ ነው፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ ግድግዳው ላይ ንፋስ የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ በጭቃ ተደፍኗል። ጭቃ ደሞ እርጥበት ይመጥጣል መልሶም ይተፋል፣ እዛ ቤት ሻጋታ አላየሁም። ጣጣው ሌላ ጋ ነው፣ ምስጡ፣ ክረምት የሚረጨው ውሃ ስሩን መብላቱ፣ በየጊዜው እንደገና መለሰኑ። እንጨቱን የተቃጠለ ዘይት ቀብቶ፣ ከስር በድንጋይ ከፍ አድርጎ፣ ጣሪያውን ሰፋ አድርጎ ማውጣት ዕድሜውን ያረዝመዋል። አያቴን "እማማ ብሎኬት እንስራልሽ" ስላት "እኔን በቁሜ ፍሪጅ ልትከተኝ ነው?" አለችኝ፣ ዝም አልኩ። ሰባት።

የአፈር ነገር የድሃ ነው የሚል ሰው ካለ ልደታ ሄዶ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የኪነ ህንፃ፣ የህንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት (ኢአቢሲ) ይጠይቅ። በ2003 ዓ.ም. ገደማ ከስዊዘርላንዱ ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው ግቢው ውስጥ ፎቅ ቤት በአፈር ሰርተዋል፣ ምድሩ በተጠቀጠቀ አፈር፣ ላይኛው በታመቀ የአፈር ብሎክ፣ ሱዱ ይባላል። የታመቀው ብሎክ ትንሽ ስሚንቶ ይገባበታል፣ በማሽን ተጨምቆ ነው የሚወጣው፣ ምስጥ የሚበላው እንጨት የለውም። እዚህ የሚሰራው ቡድን ማግኘት ነው ችግሩ።

አሁን ፓኔሉ። ጓደኛዬ የገዛበት ቦታ ሻጩ "ወንድሜ በጋ ከክረምት አንድ ነው፣ ሂተር አያስፈልግህም" ብሎ ነው የሸጠለት። ሁለት ስስ ቆርቆሮ መሃሉ ፎም፣ በፍጥነት ይቆማል፣ ያ እውነት ነው፣ ግንበኛ ከመለመንም ይገላግላል። ማታ አምፖሉ በርቶ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ራት እየተሰራ ከሆነ ቤቱ ደስ ይላል፣ ቶሎ ይሞቃል። ግን ፓኔል የሰጣችሁትን ያቆያል እንጂ ከራሱ የሚሰጠው ሙቀት የለውም፣ ክብደት ስለሌለው የቀኑን ፀሀይ ለሌሊት አያስቀምጥም። ቀን ደሞ ተቃራኒው ነው፣ ምዕራብ በኩል ትልቅ መስታወት አስገብቷል፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ክፍሉ ውስጥ መቀመጥ አይቻልም፣ የገባው ሙቀት መጠለያ ግድግዳ የለውማ፣ በቀጥታ እናንተ ላይ ነው። ዝናብ ሲመጣ ጣሪያውም ፓኔል ስለሆነ ስልክ ማውራት የለም። ቲቪ መስቀል ከፈለጋችሁ ተራ ፊሸር አይይዝም፣ ከጀርባ ብረት ቀድሞ መቀመጥ አለበት። መገጣጠሚያው በሲሊኮን በደንብ ካልተዘጋ በዛ ንፋስ ይገባል፣ ከስር ያለው ጠርዝ ክፍት ከሆነ ደሞ አይጥ ፎሙን ፈልፍላ ትወልድበታለች፣ እሱ ጋ ሆኗል።

አንድ ነገር ግን ቀልድ የለውም። ብርድ ሲሆን ከሰል አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት የለመድን ሰዎች ነን። የጭቃም የብሎኬትም ቤት ከላይ በጣሪያው በኩል አየር ያስወጣ ስለነበር ብዙ ጊዜ ያተርፈን ነበር (ሁሌ አይደለም፣ በየዓመቱ የምንሰማው አለ)። ፓኔል ቤት ግጥም ያለ ነው፣ ጭሱ የማይታየው ካርቦን ሞኖክሳይድ መውጫ የለውም። ፓኔል ቤት ውስጥ ከሰል በጭራሽ። እሳቱም ሌላ ነው፣ ፎሙ ከ100 ዲግሪ ጀምሮ መኮማተርና መቅለጥ ይጀምራል፣ ስለዚህ ምድጃና ምጣድ ግድግዳው ጥግ አይቀመጥም። አምስት ተኩል፣ ክብደት ያለው የሲሚንቶ ወለል ስላፈሰሰበት ነው ግማሿን የጨመርኩለት።

ድንጋይ ቤት ባጭሩ፣ ወፍራሙ 50 ሴንቲ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ለሌሊት ያደርሳል፣ ግን ፀሀይ የማያገኝ ከሆነና ክረምት ላይ አንዴ ከቀዘቀዘ እስኪሞቅ አዲስ ዓመት ይደርሳል። ኮንዶሚኒየም ላይ የምናውቀው አግሮስቶን የሚባለው ሰሌዳ ለውስጥ መከፋፈያ ነው፣ ለውጪ ግድግዳ አላስበውም።

አሁን ብር የሚያድነው ጋ ደረስን። 4 በ 4 የሆነ የማዕዘን ክፍል ውሰዱ፣ ቁመቱ 3 ሜትር፣ ሁለት ግድግዳው ወደ ውጪ ነው፣ መስኮቱ ሲቀነስ 22 ካሬ ግድግዳ አለው። ውስጥ 19 ውጪ 7 ዲግሪ ይሁን። በባለ 20 ብሎኬት 660 ዋት ይወጣል፣ በፓኔል ቢሆን 100 ገደማ። ሁለት ካሬ ነጠላ መስታወት ብቻውን 140 ያህል። ጣሪያው ኤጋ ቆርቆሮ ሆኖ ከስሩ ስስ ፒቪሲ ወይም ችፑድ ኮርኒስ ከሆነ በ16 ካሬው ወደ 480 ዋት፣ ጥርት ባለ የህዳር ሌሊት ደሞ ከዛም ይበልጣል ምክንያቱም ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከአየሩ ራሱ በታች ይቀዘቅዛል። ኮርኒሱ ላይ ባለ 5 ሴንቲ ፎም ብታነጥፉበት 480ው ወደ 115 ይወርዳል። ልስን የለው፣ ግንበኛ የለው፣ ከላይ ማንጠፍ ብቻ ነው! ያለቀ ቤት ላይም ይሰራል። ሰው ግን ለፒቪሲው ዲዛይንና ለስፖት ላይቱ ነው ብሩን የሚያፈሰው። (ስፖት ላይቱ ያለበት ጋ ፎሙን አርቁት፣ የመብራት ገመዱም በቱቦ ይለፍ፣ ፎም የገመድ ፕላስቲክ ላይ በቀጥታ ካረፈ ከጊዜ ብዛት ያደርቀዋል።)

ስለዚህ እኔ ብሰራ፣ አክስቴንም የመከርኳት ይሄን ነው፣ ኮርኒስ አንደኛ። ሁለተኛ በበርና በመስኮት ዙሪያ ያለውን ቀዳዳ መዝጋት። ከዛ ብር ከተረፈ ባለ 20 ፑሚስ ብሎኬት አንስቶ ፎሙን ከውጪ መለጠፍ፣ ከውስጥ አይደለም። ከውጪ ሲሆን ከባዱ ግድግዳ ከውስጥ ቀርቶ ሙቀቱን ለናንተ ያስቀምጣል፣ ኮለኑም አብሮ ስለሚሸፈን ሻጋታው መነሻ ያጣል። ከውስጥ ከለጠፋችሁት ግን ብሎኬቱ ውጪ ቀርቶ ከባዱ ነገር ምንም አልጠቀማችሁም። ፎም ላይ ተራ ልስን በቀጥታ ከተመታ ይሰነጠቃል፣ የፋይበር መረብ መሃሉ ላይ መግባት አለበት፣ ግንበኛው "የዶሮ ሽቦ ይበቃል" ካለ ሌላ ግንበኛ ፈልጉ። መስኮት ደሞ ትልቁን ወደ ደቡብ፣ በኛ አገር በብርዱ ወራት ፀሀይ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ነው የምትሄደው፣ በሰሜን በኩል ትንሽ ይበቃል፣ ምዕራቡን ተጠንቀቁ። እሱ ደሞ ምንም ብር አይጠይቅም፣ ፕላኑ ሲሰራ መናገር ብቻ ነው።

ፎም ስትገዙ ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ። ሁሉም ነጭ ነው፣ ሁሉም ፎም ነው፣ ግን ውስጡ ይለያያል። 1 ሜትር በ 1 ሜትር የሆነ ባለ 5 ሴንቲ ሰሌዳ "20 ኪሎ ዴንሲቲ ነው" (አንድ ሜትር ኩብ 20 ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው) ካሏችሁ 1 ኪሎ መመዘን አለበት፣ ባለ 15ቱ 750 ግራም። ግማሽ ኪሎ ካነበበ ለቲቪ ማሸጊያ የሚሆነውን ነው የሚሸጡላችሁ። ከዛ ቁራጭ ለምኑና ውጪ ሜዳ ላይ ጫፉን በክብሪት ለኩሱት፣ ክብሪቱን ስታነሱ ወዲያው ከጠፋ እሳት መከላከያ የገባበት ነው፣ እየተንጠባጠበ መንደዱን ከቀጠለ ጥላችሁት ሂዱ፣ ጭሱንም አትሳቡት።