አምፔር ወረደ ማለት ቢል ወረደ ማለት አይደለም፦ በጅማ ለምትገኙ የሕንፃ ባለቤቶችና ተከራዮች የተጻፈ ማስጠንቀቂያ

በጅማ መርካቶ አካባቢ ከታች ሱቆችና ካፌ፣ ከላይ የፔንሲዮን ክፍሎች ያሉት አንድ ነባር ሕንፃ አስተዳድራለሁ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሦስት ወሩ ሲጨምር ወጪውን የምቀንስበት መላ እየፈለግሁ ነበርና፣ ነባር ሕንፃዎችን ኃይል ቆጣቢ እናደርጋለን ብሎ የመጣን አንድ ድርጅት በደስታ ተቀበልኩ። እኔ ላይ የደረሰው በሌላው እንዳይደርስ ይህን እጽፋለሁ።

ውሉ በማከፋፈያ ቦርዱ ላይ ሦስት ሳጥኖች ተገጥመው ቢሉን «እስከ 40 በመቶ» እንደሚቀንሱ ይገልጻል፤ ግማሹ ክፍያም ሥራው ሳይጀመር ይፈጸማል። «እስከ» የምትለዋን ቃል ያኔ ልብ አላልኳትም፤ ኋላ ቅሬታ ሳቀርብ የተመለሰልኝ ግን በእሷው ነው።

ያሳመነኝ ሠርቶ ማሳያው ነበር። ባለሙያው የውኃ ፓምፑን ገመድ በክላምፕ ሜትር (ገመዱን ከውጭ አቅፎ በውስጡ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ መጠን፣ አምፔሩን፣ በሚያነብ መሣሪያ) ይዞ 6.4 አምፔር አሳየኝ፤ ሳጥኑን ሲያበራው ንባቡ ዓይኔ እያየ ወደ 4.7 ወረደ። ንባቡ ሐሰት አልነበረም። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ካፓሲተር ነው፤ ሞተር ከመስመር እየሳበ መልሶ የሚልከውን፣ ሥራ የማይሠራውን ኃይል እዚያው አጠገቡ ስለሚያቀርብለት በገመዱ የሚያልፈው አምፔር ይቀንሳል። የእኔ ቆጣሪ የሚቆጥረውና በብር የሚተመነው ግን ሥራ የሠራው ኃይል፣ ማለትም ኪሎ ዋት ሰዓቱ ስለሆነ፣ እሱ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ይባስ ብሎ ቢሌን የሚያንሩት የፔንሲዮኑ ውኃ ማሞቂያዎችና የካፌው የእንጀራ ምጣድ በሽቦ ግለት የሚሠሩ ናቸውና፣ ካፓሲተር የሚያስተካክልላቸው ነገር ከመነሻውም የለም።

ሁለት ወር ጠብቄ ለውጥ ሳጣ፣ አንድ ምሽት ሁሉን አጥፍቼ ፓምፑን ብቻ አስነሣሁና ኪሎ ዋት ሰዓቱ በተቆጠረ መጠን ብልጭ የሚለውን የቆጣሪውን ቀይ መብራት ብልጭታ በአምስት ደቂቃ ቆጠርኩ። ሳጥኑ በርቶ 131፣ ጠፍቶም 131 ሆነ። ይህን ማንም ሰው በእጅ ስልኩ ሰዓት ይዞ ሊያደርገው ይችላል፤ እኔ የቅድሚያ ክፍያውን ከመክፈሌ በፊት ባለማድረጌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ድርጅቱ በበኩሉ ውጤት ተገኝቷል ሲል ያቀረበው ሪፖርት፣ ሠርገኛና እንግዳ የሚበዛበትን የጥር ቢል ክፍሎቹ ባዶ ከሚሆኑበት ከነሐሴ ቢል ጋር የሚያነጻጽር ነው። ንጽጽር የሚቀርብላችሁ ከሆነ ያለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር በኪሎ ዋት ሰዓት፣ ከተያዙ ክፍሎች ብዛት ጋር እንዲሆን ጠይቁ። ቢላቸው ላይ የሪአክቲቭ ኃይል (ከላይ ያልኩት ሥራ የማይሠራው ኃይል) ሒሳብ የሚመጣባቸው ትልልቅ ደንበኞች በልክ ከተመረጠ ካፓሲተር ሊጠቀሙ ይችላሉ፤ በእኔ ቢል ላይ ግን እንዲህ ያለ ሒሳብ የለም።

እኔ ያተረፍኩት በራሴ ከቀየርኳቸው አምፖሎች ነው። ከነባላስቱ (መብራቱን ከሚያስነሣው ዕቃ ጋር) 45 ዋት ገደማ የሚበላውን ፍሎረሰንት በ18 ዋት ኤልኢዲ ስተካ፣ በቀን አሥር ሰዓት ከሚበሩት 40 አምፖሎች ብቻ በየቀኑ 10.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ቀነሰልኝ። ለአየር ማቀዝቀዣ ወጪ ተብሎ የሚቀርብላችሁን የመስታወት ፊልምም በጅማ አየር በቅጡ አስቡበት፤ ማቀዝቀዣ በሌለው ሕንፃ የሚቀንሰው ወጪ የለም።

ተመሳሳይ ውል የፈረማችሁ ካላችሁ፣ ቀሪውን ክፍያ ከመልቀቃችሁ በፊት የድርጅቱ ባለሙያ ባለበት ብልጭታውን ቁጠሩና ውጤቱን በጽሑፍ አስፈርሙት።