ምስጋናና ጥቆማ፦ ተማሪን ወንዝ ወርዶ እንዲለካ ለሚያደርጉት የባዮሎጂ መምህር

ለሁለተኛ ደረጃው የባዮሎጂ መምህራችን ከልብ የመነጨ ምስጋናችን ይድረሳቸው። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ያላችሁ ትምህርት ቤቶችም ጋብዛችሁ እንድታሠሯቸው እንጠቁማለን። እሳቸው ዘንድ "ወንዙ ተበክሏል" ያለ ተማሪ "በምን አወቅህ?" ተብሎ ይጠየቃል፤ መልሱንም ውሃው ውስጥ ወርዶ፣ በወንዙ ወለል ከሚኖሩት ጥቃቅን ነፍሳት ይፈልጋል።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ቀዳዳው ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነ መረብ፣ ነጭ ትሪ፣ አጉሊ መነጽር፣ ሰዓትና ደብተር። የመረቡ አፍ ወደሚመጣው ውሃ ዞሮ ወለሉ ላይ ይቀመጣል። ተማሪው ከመረቡ በላይ ቆሞ ጠጠሩን ለ3 ደቂቃ በእግሩ ያናውጣል፤ የተነቀሉትን ነፍሳት ውሃው ራሱ ወደ መረቡ ይወስዳቸዋል። ቀጣዩ ናሙና ሁልጊዜ ከፍ ካለው ቦታ ይወሰዳል፤ ወደ ታች ከተሄደ ቀድሞ የደፈረሰው ውሃ ናሙናውን ያበላሸዋል። ብዙዎች የሚዘሉትን ነገር መምህሩ አይዘሉም፤ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ በእጅ ያስገለብጣሉ። አጥብቀው የሚይዙት እጮች በእግር ብቻ አይለቁማ!

ትሪው ጥላ ውስጥ ይቀመጣል። ፀሐይ ላይ ከዋለ ውሃው ይሞቃል፣ የሞቀ ውሃ ደግሞ የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰ ስለሆነ ስስ የሆኑት እጮች ሳይቆጠሩ ይሞታሉ። የሜይፍላይ (እጩ ውሃ ውስጥ የሚያድግ በራሪ ነፍሳት) እጭ በሆዱ ግራና ቀኝ እንደ ላባ የተደረደሩ መተንፈሻዎች አሉት፤ ኦክስጅን ሲያንስ ቀድመው ከሚጠፉት አንዱ ነው። የማይነክሰው ትንኝ ቀይ እጭ ግን ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን የሚይዝ ቀይ የደም ንጥረ ነገር) ስላለው ኦክስጅን በተመናመነበት ጭቃም ይኖራል። ትሪው ላይ ቀዩ ብቻ በዝቶ ሌላው ከጠፋ ጥርጣሬ ይነሳል።

ጥርጣሬ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም፤ መምህሩን ይበልጥ የምናከብራቸውም እዚህ ላይ ነው። ሜይፍላይ የጠፋው ወለሉ ጭቃ ስለሆነ፣ ወይም ሰሞኑን ጎርፍ ጠርጎት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከቆሻሻው መግቢያ በላይና በታች፣ ወለሉና ፍጥነቱ የሚመሳሰል ቦታ አስመርጠው ያወዳድራሉ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የውሃው ሙቀት ይመዘገባል፤ ያልተገኘው ዝርያም 0 ተብሎ ይጻፋል። ባዶ የተተወ ሣጥን "አልተገኘም" ይሁን "አልተፈለገም" ከዓመት በኋላ ማን ይለየዋል? ደብተሩ የትምህርት ቤቱ ነው፤ ተማሪው ሲመረቅ ለተከታዩ ያስረክባል። ተቆጥረው ያበቁት ነፍሳትም ወደመጡበት ቦታ ይመለሳሉ።

በኮምፖስቱም (ከቅጠልና ከተረፈ ምርት በሚብላላው ማዳበሪያ) ያው ናቸው። ክምሩ የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ አየር አጥቷል፤ ይገለበጥና ደረቅ ቅጠል ይጨመርበታል። አፍንጫ የሚሰነፍጥ የአሞንያ ሽታ ከመጣ ደግሞ እርጥብ አረንጓዴው በዝቷል ማለት ነው።

ልትጋብዟቸው ካሰባችሁ ከጉልበት የማያልፍ፣ ቀስ ብሎ የሚፈስ ውሃ ምረጡ። ቦቲ ጫማና የላስቲክ ጓንት አዘጋጁ፤ ቢልሃርዝያ ባለበት ቦታ ያለ እነሱ ማንንም አያስገቡም። ቁስል ያለበት ተማሪ ዳር ሆኖ ይመዘግባል። ከባድ ዝናብ ከጣለ ቀኑን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ግፉት። አንድ ነገር አስቀድመው ይጠይቋችኋል፤ በሚቀጥለው ወቅት እዚያው ቦታ ተመልሶ የሚለካ መምህር መድባችሁ ጠብቋቸው።