ዋንዛ ወይስ «ማሆጋኒ»? ጊታር ስታሰሩ ብሩ የት ይግባ

በዚህ ወር ብቻ አራት ልጆች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «ቤዝ ጊታር ላሰራ ነው፤ እንጨቱ ምን ይሁን? ፒክአፑስ?» ለእያንዳንዳቸው በድምፅ መልእክት ስመልስ ከረምኩ፤ ከዚህ በኋላ ይህን እልካለሁ። መልሴም አጭር ነው፦ የደረቀ ዋንዛ ግዙ፣ የተረፈውን ብር ፒክአፑ ላይ፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ማግኔትና ሽቦ ላይ፣ አውሉት።

ይህን ያስተማረኝ ኪሳራ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ጎንደር አንድ ሰሪ ዘንድ ቤዝ አሰራሁ። እንጨቱ «የውጭ ማሆጋኒ ነው» ተባልኩና ለጣውላው ብቻ 9,000 ብር ከፈልኩ። ፒክአፑ የታወቀ ስም ተጽፎበታል፣ 6,500 ብር። አንገቱና የእጅ ዋጋው 12,000። ድምር 27,500። ነሐሴ ላይ ተረከብኩት፤ ቀይ ቫርኒሹ ያብረቀርቃል፣ ዓይን ይስባል። ጥር ላይ፣ የጥምቀት ሰሞን፣ ሠርግ ይዤው ወጣሁ። አንገቱ ጎብጧል። ክሩ ወደ ላይ ርቆ ጣቴ እስኪላጥ ነው የምጫነው። ከአምፑ (ከድምፅ ማጉያው) ደግሞ «እዝዝዝ» የሚል ጩኸት አለ፤ ዘፋኟ ዝም ባለች ቁጥር አዳራሹ የሚሰማው እሱን ነው። ዞራ አየችኝ። ያን ዕለት ያፈርኩትን እስካሁን አልረሳሁትም።

ቤት ገብቼ ፒክአፑን ፈታሁት። ቫርኒሹ ያልደረሰበት ጉድጓድ ውስጥ ያለው እንጨት ነጣ ያለ ባህር ዛፍ ነው። በክረምት፣ እርጥቡን የተላገ። ባህር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ይህን ማንኛውም አናጢ ያውቃል። የፒክአፑን ክዳን ስከፍት ደግሞ ሁለት ጥቅልል ሽቦ መኖር ሲገባው አንድ ብቻ ነው ያለው። ሌላው ግማሽ ኮላ የተሞላ ባዶ ፕላስቲክ ነው።

እንጨቱን እንያዝ። ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ድምፁን የሚይዘው ማግኔቱና ሽቦው ነው፤ የሚከታተለውም የብረቱን ክር ንዝረት ነው። እንጨቱ ጠንካራ፣ ደረቅና የማይጣመም ከሆነ ሥራውን ሠርቷል። አኩስቲክ ላይ እንኳ ነገሩ እንደሚወራው አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጀርባና ጎናቸው ከተለያየ እንጨት የተሠሩ ስድስት ጊታሮችን 52 ተጫዋቾች ሳያዩ እንዲሞክሯቸው አደረጉ። ለውዱም ለርካሹም የሰጡት ነጥብ ተቀራራቢ ነበር። ስለዚህ ለስም 9,000 ብር አትክፈሉ።

ዋንዛን የምመርጠው ቀላል፣ ለመላጊያ የሚመች፣ በደንብ ከደረቀም ጠባዩ የታወቀ ስለሆነ ነው። ከበሮ የሚጠረብበት እንጨት ነው፤ አናጢዎቻችን እጃቸው ለምዶታል። ወይራ ቆንጆ ነው፣ ግን ይከብዳል፤ ሙሉ ቤዝ ከወይራ ያሰራ ጓደኛዬ ሁለት ሰዓት ቆሞ ከተጫወተ በኋላ ትከሻው አያዝለትም። ወይራን ጣት የሚያርፍበት ስስ ጣውላ ላይ ተጠቀሙበት፤ እዚያ ላይ ጥንካሬው ይፈለጋል። አንገቱን ግን ከዋንዛ አታሰሩ፣ ለዚያ ይለሰልሳል። ከተሰበረ ጊታር የተረፈ፣ ውስጡ የብረት ዘንግ ያለው አንገት ፈልጉ። እኔ በ4,500 ብር አገኘሁ።

ምርጡ ዋንዛ ደግሞ መጋዘን ውስጥ ያለው አይደለም። ከፈረሰ ቤት የወጣ በር፣ የአያት አልጋ፣ የተጣለ ቁም ሳጥን ነው። ሠላሳ ዓመት ደርቋል። የእኔ ሁለተኛው ቤዝ ከአሮጌ አልጋ የወጣ ነው፤ ጣውላው 1,800 ብር። መላጊያው ምስማር እንዳይመታ አስቀድማችሁ በማግኔት ዳስሱት። አዲስ ጣውላ ከሆነ የምትገዙት አንድ ሽማግሌ አናጢ ያሳዩኝን አድርጉ። ጋሼ ጣውላውን በየወሩ የሱቅ ሚዛን ላይ ያወጡና ክብደቱን ጫፉ ላይ በእርሳስ ይጽፋሉ። 4.6፣ 4.3፣ 4.1፣ 4.1። ቁጥሩ መውረድ ሲያቆም ነው መጋዝ የሚያነሱት። ሁለቱንም ጫፍ ትራፊ ቀለም ይቀቡታል፣ እንዳይሰነጠቅ።

ወደ ፒክአፑ ስንመጣ የእኔ ምርጫ ሀምበከር የሚባለው ዓይነት ነው። ባለ አንድ ጥቅልሉ ሲንግል ኮይል ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ አልክድም፤ ቤት ውስጥ ስትቀዱ ደስ ይላል። ግን የእኛ አዳራሽ ጄኔሬተር አለው፣ መብራቱ ብዙ ነው፣ ሽቦው እርስ በርስ የተጠላለፈ ነው። ሲንግል ኮይል ከመብራት መስመሩ የሚመጣውን የ50 ሄርዝ ጉምጉምታ ሁሉ ይለቅመዋል። ሀምበከር ሁለት ጥቅልል አለው፤ አጠቃለላቸውም ማግኔታቸውም ተገላቢጦሽ ስለሆነ ጉምጉምታው ይጣፋል፣ የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል። በ1955 እ.ኤ.አ. የጊታር አምራቹ ጊብሰን ውስጥ ሴት ላቨር (Seth Lover) የተባለ ሰው የሠራው ለዚሁ ነው። ለቤዝ ደግሞ ሌላው ጊታር አምራች ፌንደር በ1957 እ.ኤ.አ. ፕሪሲዥን በተባለው ቤዙ ላይ ያስገባው ለሁለት የተከፈለ ፒክአፕ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ እኔ የገዛሁት የእሱን ዓይነት ነው፣ ከውጭ በሰው እጅ አስመጥቼ 13,000 ብር። ባትሪ የሚፈልገውን አክቲቭ ተዉት፤ ዘጠኝ ቮልቱ ዘፈን መሀል ያልቅና ዝም ትላላችሁ።

ሐሰተኛውን ፒክአፕ ለመለየት የሽቦውን መቋቋም (በኦም) የሚለካ ቴስተር ይዛችሁ ሂዱ። የፕሪሲዥን ዓይነቱ ከ10 እስከ 11 ኪሎ ኦም አካባቢ፣ ሀምበከር ወደ 8፣ የስትራት (የፌንደር ጊታር) ሲንግል ኮይል ወደ 6 ያሳያል። ሀምበከር ተብሎ 4 ካነበበ ጥላችሁ ውጡ። ትንሽ ካቻቢቴም በሁለቱም በኩል አስጠጉ፤ አንዱ ጎን ብቻ ከሳበ ውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሁለቱን ያኔ ባደርግ ኖሮ 6,500 ብሬ አይሄድም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ጥገና ላይ ብዙ ሰው የሚበላሽበት እዚህ ነው። ቮልዩሙ (ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻው) ሲበላሽ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ወስዳችሁ 10 ኪሎ ኦም ያለው ያስገባላችኋል። ድምፁ ብርድ ልብስ እንደለበሰ ይታፈናል፣ ከዚያ «ፒክአፑ ሞተ» ይባላል። ለሲንግል ኮይልና ለፕሪሲዥን 250 ኪሎ ኦም፣ ለሀምበከር 500 ኪሎ ኦም ብላችሁ ጠይቁ። ዋጋው ያው ነው።

ክራር ኤሌክትሪክ ላድርግ የምትሉ ደግሞ ክሩን እዩ። ናይለን ወይም ጅማት ከሆነ የጊታር ፒክአፕ አይሰማውም፣ ማግኔት ብረት ነው የሚፈልገው። መሰንቆም የፈረስ ጭራ ስለሆነ እንዲሁ ነው። ለእነሱ ከድልድዩ (ክሩ ከሚያርፍበት እንጨት) ሥር የሚለጠፈውን፣ ማግኔት ሳይሆን ንዝረቱን ራሱን የሚይዘውን ፒዬዞ ግዙ። አንድ ክራር ተጫዋች ወዳጄ የማግኔቱን በ3,000 ብር ገዝቶ፣ ክራሩን በስቶ ካስገባ በኋላ ነው የደወለልኝ።

የሁለተኛው ቤዜ ሒሳብ ይኸው፦ ዋንዛ 1,800፣ አንገት 4,500፣ ፒክአፕ 13,000፣ የእጅ 7,000። 26,300 ብር፤ ከመጀመሪያው በ1,200 ይቀንሳል። ሁለት ክረምት አልፎታል፣ አንገቱ ቀጥ እንዳለ ነው።